መብራት ሲመለስ 502፦ የሪቨርስ ፕሮክሲ ችግርና መፍትሄ

ገላን ወይም ሰበታ ያለ አንድ መጋዘን እንውሰድ። የውጭ አይፒው አንድ ነው፤ የዕቃ መዝገቡ በአንድ ማሽን፣ የደመወዝ ፕሮግራሙ በሌላ ይሠራል። ከፊታቸው ሪቨርስ ፕሮክሲ፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ ከኋላው ላሉ ሰርቨሮች የሚያስተላልፍ ፕሮግራም፣ የሆነው ኤንጂንኤክስ ተቀምጦ የመጣውን ጥያቄ በአድራሻው እየለየ ወደየሰርቨሩ ይልካል። ይህ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚከፈተው ኤረር ሎጉ (ኤንጂንኤክስ ስህተቶችን የሚመዘግብበት ፋይል) ነው። ብሮውዘር ላይ የሚታየው 502 (ፕሮክሲው ከኋላው ሰርቨር ትክክለኛ መልስ አላገኘም ማለት ነው) ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሎጉ ላይ ግን በቅንፍ የሚጻፍ ቁጥር አለ።

ምልክት፦ 502፣ ሎጉ ላይ 111

ማሽኑ አለ፤ በፖርቱ ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም ግን የለም። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ይነሳል፤ ፕሮግራሙ በእጅ ሲነሳ የኖረ ከሆነ ግን አብሮ አይነሳም። የኋላው ሰርቨር ላይ «ኤስኤስ» በተባለው ትእዛዝ ክፍት ፖርቶቹን ይዩ። የፕሮግራሙ ፖርት፣ ለምሳሌ 8080፣ ከሌለ ፕሮግራሙን የሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) አገልግሎት አድርገው በራሱ እንዲነሳ ያዘጋጁት። 8080 ኖሮ ከፊቱ 127.0.0.1 ከተጻፈ ደግሞ ፕሮግራሙ ከራሱ ማሽን ውጭ ማንንም አይሰማም፤ በውስጥ አይፒው፣ ለምሳሌ በ192.168.1.20፣ እንዲያዳምጥ ያድርጉት።

ምልክት፦ 502፣ ሎጉ ላይ 113

በኤንጂንኤክስ ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ውስጥ በተጻፈው አይፒ ማሽን አልተገኘም። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው፤ ራውተሩና ሰርቨሩ አብረው ጠፍተው ሲነሱ ራውተሩ ለሰርቨሩ ሌላ አይፒ ሊሰጠው ይችላል፣ ኮንፊጉ ውስጥ ያለው ግን የድሮው ነው። ኮንፊጉን በአዲሱ አይፒ ማረም እስከሚቀጥለው መጥፋት ብቻ ያገለግላል። ይልቅ ራውተሩ ላይ የሰርቨሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን መለያ) ከአንድ አይፒ ጋር ያስሩት። ፒንግ እየመለሰ 113 ከመጣ የኋላውን ሰርቨር ፋየርዎል ይፈትሹ።

ሎጉ ላይ ያለው ቁጥር 13 ከሆነና ኤንጂንኤክስ ያለበት ማሽን ሊኑክሱ የሬድ ሃት ቤተሰብ ከሆነ ከልካዩ አብዛኛውን ጊዜ ኤስኢሊኑክስ የተባለው የሊኑክስ ጥበቃ ነው። «ኤችቲቲፒዲ ካን ኔትወርክ ኮኔክት» የሚባለውን ፈቃድ በቋሚነት ያብሩ። ኤስኢሊኑክስን ራሱን ማጥፋት ግን አይመከርም።

ምልክት፦ ምንም ገጽ አይከፈትም፣ ኤንጂንኤክስም አልተነሳም

ኮንፊጉ ውስጥ የኋላው ሰርቨር በአይፒ ሳይሆን በስም ተጽፎ ይሆናል። ኤንጂንኤክስ እንዲህ ያለውን ስም ወደ አይፒ የሚፈታው ሲነሳ ወይም ሪሎድ ሲደረግ ነው። ራውተሩ ገና ሳይነሳ ማሽኑ ከቀደመ ስሙ አይፈታም፤ ኤንጂንኤክስም በዚያው ይቀራል። የውስጥ ሰርቨሮችን በአይፒ ይጻፉ። ከዚያ በ«ኤንጂንኤክስ -ቲ» ፈትሸው ያስነሱት።

ምልክት፦ 504፣ ልክ ከ60 ሰከንድ በኋላ

ሰርቨሩ ጥያቄውን ተቀብሏል፣ መልስ ግን አልላከም። 60 ሰከንድ የ«ፕሮክሲ ሪድ ታይምአውት» መነሻ ልክ ነው። የወሩን ደመወዝ የሚያሰላው ገጽ በእርግጥ ረጅም ጊዜ ከወሰደ ለዚያ ገጽ ብቻ ወደ 180 ያሳድጉት። ለሁሉም ማሳደግ የተንጠለጠለን ሰርቨር ከዓይን ይሰውራል።

ምልክት፦ ዋናው ገጽ ይከፈታል፣ ከሥሩ ያሉት 404 ይላሉ

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በአንዲት ዘንባላ መስመር (/) ላይ ነው። ሎኬሽኑ (ኮንፊጉ ውስጥ የሚለየው የአድራሻ ክፍል) «/መጋዘን/» ሆኖ «ፕሮክሲ ፓስ» (ጥያቄው የሚላክበት አድራሻ) በ8080 ካበቃ፣ የኋላው ሰርቨር የሚደርሰው ሙሉው «/መጋዘን/ዝርዝር» ነው። በ«8080/» ካበቃ ግን «/መጋዘን/» ተቆርጦ «/ዝርዝር» ብቻ ይደርሰዋል። ፕሮግራሙ የሚጠብቀው የትኛውን እንደሆነ በሱ ሎግ አይተው ይወስኑ።

ምልክት፦ ፎቶ ሲጫን 413

413 የተላከው ፋይል ከተፈቀደው በላይ ትልቅ ነው ማለት ነው፤ የመነሻው ጣሪያ 1 ሜጋባይት ነው። «ክላየንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ»ን 20 ሜጋባይት ያድርጉ።

ምልክት፦ ኤችቲቲፒኤስ ከገባ ወዲህ ገጹ ራሱን እየደጋገመ ያዞራል

ፕሮክሲው ወደ ኋላ የሚልከው በተራ ኤችቲቲፒ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሰውየው ያለ ኤችቲቲፒኤስ የመጣ ይመስለውና ወደ ኤችቲቲፒኤስ ደጋግሞ ይመልሰዋል። «ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ» የሚባለውን ሄደር (ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚሄድ መረጃ) ከፕሮክሲው ይላኩ፤ ፕሮግራሙም እንዲያምነው ቅንብሩ ውስጥ የፕሮክሲውን አይፒ ያስገቡ። ብዙዎች የመጀመሪያውን አድርገው ሁለተኛውን ይረሳሉ።