አፍላ ወጣቶችን በትምህርት ቤት የሚያጠኑ ነርሶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የማኅበረሰብ ጤና ነርሲንግ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ቀድመው የሚያስቡት ቦታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ተሳታፊዎቹ በአንድ ግቢ ይገኛሉ፣ ስም ዝርዝራቸው በየክፍሉ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፣ የትብብር ደብዳቤው ከተገኘ ደግሞ መረጃው በአጭር ጊዜ ተሰብስቦ ያልቃል። ችግሩም ከዚሁ ቅለት ይመነጫል። ተመራማሪው የተዘጋጀ መጠይቅ ይዞ ይገባል፤ ተማሪው ዕድሜውን በምን አቆጣጠር እንደሚቆጥር፣ ትናንት ለምን ያንን እንደ በላ፣ በማን ቤት እንደሚያድር ሳያጣራ ይወጣል። በአማካሪነትም በፈታኝነትም ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስህተቶች እነሆ።

ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች መቀላቀል

የዓለም ጤና ድርጅት አፍላ ወጣት የሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ነው፤ በዚህ ክልል ውስጥ አንድ ዓመት ብዙ ነገር ይለውጣል። ተማሪዋ «የተወለድኩት ሚያዝያ 2002 ነው» ትላለች፤ መረጃ ሰብሳቢው እንዳለችው ይመዘግባል፤ ስልኩ ላይ ያለው ቅጽ ግን የቃለ መጠይቁን ቀን በራሱ 2025 ብሎ ይሞላል። ሁለቱ ሲቀናነሱ የ15 ዓመቷ ልጅ የ23 ዓመት ሴት ሆና ትገኛለች። አንትሮፕላስ የተባለው የልጆችን እድገት የሚያሰላ የድርጅቱ ሶፍትዌር ከ19 ዓመት በላይ ላለ ሰው ስለማይሠራ ውጤት አይሰጥም፤ ተመራማሪውም «የጎደለ መረጃ» ብሎ ይሰርዛታል። ነገሩ የገባቸው ደግሞ በሁሉም ላይ 8 ዓመት በመደመር የተገላገሉ ይመስላቸዋል። ልዩነቱ ግን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው፤ በጥቅምት የተወለደ ልጅ በ8 ከተሰላለት አንድ ዓመት ሙሉ ይቀነስበታል። ወሩን የማያስታውስ ተማሪ ቢያጋጥም ባዶ ከመተው ይልቅ «እናትህ ለየትኛው በዓል ሰሞን ነው የምትልህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ የመስቀል ወይም የፍልሰታ ልጅ መሆኑን የማያውቅ ጥቂት ነው።

የሰዓቱም ነገር ከዚህ አይለይም። ተማሪው «ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት እነሳለሁ» ሲል 8 ሰዓት ተኝቷል ማለት ነው። መረጃ ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ወደ 22፡00 ለውጦ ሁለተኛውን እንዳለ ከጻፈው ግን ልጁ 14 ሰዓት ሙሉ የሚተኛ ሰነፍ ሆኖ በሰንጠረዡ ላይ ይቀመጣል።

የአዋቂን መለኪያ ለልጅ ማዋል

18.5 የአዋቂ የክብደትና ቁመት ምጣኔ መለያ ነው፤ ከዚህ በታች የሆነ አዋቂ ቀጭን ይባላል። በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ማጣቀሻ የ12 ዓመት ልጃገረድ መካከለኛ ምጣኔ 18 አካባቢ በመሆኑ፣ ይህን ቁጥር በሰባተኛ ክፍል ልጆች ላይ የሚጠቀም ሰው ከጤነኞቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ቀጭን ናቸው ብሎ ያውጃል። ከዕድሜና ከጾታ አንጻር የተሰላ ዜድ ስኮር፣ ማለትም ልጁ ከእኩዮቹ መካከለኛ ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ ቁጥር፣ መጠቀም ግዴታ እንጂ ምርጫ አይደለም። ደም ማነስን የሚያጠኑም ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ እንደምትገኝ አይርሱ፤ ከፍታ ሄሞግሎቢንን (ኦክስጅን ተሸካሚውን የደም ክፍል) ከፍ ስለሚያደርግ፣ ልኬቱ ለከፍታ ካልታረመ ደም ያነሳቸው ልጆች ጤነኛ መስለው ያልፋሉ።

በጾም ወቅት የአመጋገብ ስብጥር መጠየቅ

የሴቶች አነስተኛ የአመጋገብ ስብጥር መለኪያ የሚሠራው ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሲሆን፣ ባለፉት 24 ሰዓታት ከ10 የምግብ ምድቦች ቢያንስ 5ቱ መበላታቸውን ይጠይቃል። አሁን ይህን መጠይቅ ይዞ በዐቢይ ጾም ትምህርት ቤት የሚገባን ተመራማሪ እናስብ። ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ፣ ማለትም ከአሥሩ ሦስቱ ምድቦች፣ ለአብዛኞቹ ተማሪዎች ዝግ ናቸው፤ ዓሣንም በጾም የሚበላ ቤት አለ፣ የማይበላም አለ። ውጤቱ ሲወጣ «የገቢ ማነስ» ተብሎ ይተረጎማል። ጾሙ ባይኖር እንኳ ሐሙስ ቀን የሚጠየቅ «ትናንት» ረቡዕ ነው፣ ቅዳሜ የሚጠየቅም ዓርብ ነው። በዚያው ዴስክ ላይ የተቀመጠው ሙስሊም ተማሪ ደግሞ ረቡዕ ዕለት ወጥ በሥጋ በልቶ ሊሆን ይችላል። እናም የስታቲስቲክስ ሰንጠረዡ «ሃይማኖት ከተሻለ አመጋገብ ጋር ጉልህ ቁርኝት አለው» ይልና ተመራማሪው በውይይት ምዕራፉ ሁለት ገጽ ፍልስፍና ይጽፍበታል፤ ያገኘው ግን የቀን ምርጫውን ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የፍስክና የጾም ቀናትን አመጣጥኖ መጠየቅ፣ የተጠየቀበትን ቀን እንደ አንድ ተለዋዋጭ መመዝገብ፣ ረመዳንንም በዚሁ ዓይን ማየት።

ሚስጥርን በአደባባይ መጠየቅ

በዚህ ላይ ትዕግሥቴ ማለቁን አልደብቅም። ሦስት ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በአንድ ዴስክ ተቀምጠዋል። መጠይቁ ስለ ጫት፣ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ስለ ወር አበባ ይጠይቃል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል፤ መረጃ ሰብሳቢው ጥያቄውን ጮክ ብሎ አንብቦ «ያልገባችሁ አለ?» ይላል፤ ሲያልቅ ወረቀቱን የክፍሉ አለቃ እየዞረ ይሰበስባል፣ እየሰበሰበም ያነባል። በአንድ ትምህርት ቤት በሁለት ወንዶች መካከል የተቀመጠች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ሞዴስ ወይስ ጨርቅ ትጠቀማለች የሚለው ገጽ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጥፋ ክንዷን ጫነችበትና ደወሉ እስኪደወል እንዲሁ ቆየች። በጥናቱ ውስጥ ያቺ ልጅ «ፈቃደኛ ያልሆነች» ተብላ ተቆጥራለች። ፈቃደኛ ያልሆነችው ለጥናቱ ሳይሆን ለአቀማመጡ ነበር። በዚያው ጥናት ጫት የሚቅም ተማሪ የለም ለማለት ጥቂት ነበር የቀረው፤ ይህን ባሕር ዳር ላይ የሚያምን ካለ ይመን።

ተማሪዎቹን እንደ ፈተና አራርቆ ማስቀመጥ፣ ወንድና ሴትን መለየት፣ ለሴቶቹ ሴት መረጃ ሰብሳቢ መመደብ፣ መምህራንን በአክብሮት ማስወጣት፣ እያንዳንዱ ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ ቁልፍ ባለው ሣጥን በገዛ እጁ እንዲከት ማድረግ ይገባል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ተጨማሪ ክፍል ማስፈቀድ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው በአእምሮ ጤና ጥናቶች ላይ ይታያል። የድብርት መለኪያው ፒኤችኪው-9 ዘጠነኛ ጥያቄው ባለፉት ሁለት ሳምንታት መሞት ይሻለኛል ወይም ራሴን ልጉዳ የሚል ሐሳብ መምጣቱን ይጠይቃል። አንድ ልጅ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» የሚለውን ያከብባል፤ ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ተጠርዞ ካርቶን ውስጥ ይገባል፤ ከሳምንታት በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሲሞላ ልጁ ማን እንደነበር የሚያውቅ የለም፤ በወረቀቱ ላይ ስምም ኮድም የለምና። ነርስ ሆኖ ይህን ጥያቄ መጠየቅና መልሱን ሳያዩ ከግቢ መውጣት፣ የደም ግፊት ለክቶ ቁጥሩን ሳያነቡ እንደ መሄድ ነው። ይህን መለኪያ የሚጠቀም ሰው በየወረቀቱ ኮድ ይስጥ፤ የኮዱን መፍቻ አንድ ኃላፊ ብቻ ይያዝ፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ከግቢ ሳይወጡ ይታይ፤ ልጁን የሚቀበል የአእምሮ ጤና ባለሙያ አስቀድሞ በስም ይታወቅ። የሚስጥር ጥበቃው ይህ ወሰን እንዳለው በስምምነት ቅጹ ላይ ለተማሪው በግልጽ ይነገር። ይህ ያልተሟላለት ፕሮፖዛል እኔ ዘንድ አያልፍም።

የናሙና ቁጥርን በልማድ መውሰድ

በተለመደው የናሙና ቀመር የሚገኘው 384 ሲደመር መልስ ለማይሰጡ የሚያዝ 10 በመቶ፣ 422፤ ይህን ቁጥር ሳላይ ያለፈ የምረቃ ወቅት የለም። ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ ተማሪ እየመረጡ በደረጃ የሚወርዱ ከሆነ በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን በዲዛይን ኢፌክት፣ ማለትም ይህን መመሳሰል በሚያካክስ ማባዣ፣ ማባዛት ያስፈልጋል።

የተከራየውን ተማሪ እንደ ቤተሰብ ልጅ መቁጠር

ከገጠር ቀበሌ መጥተው ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል የሚከራዩ፣ ስንቃቸውን ቅዳሜ ከቤተሰብ የሚያመጡ ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ አሉ። «የቤታችሁ ወለል ከምን የተሠራ ነው? ስንት ከብት አላችሁ?» ሲባሉ ስለ ኪራይ ቤቱ ይመልሱ ወይስ ስለ አባታቸው ቤት? መጠይቁ ካልለየው ግማሹ እንዲህ፣ ግማሹ እንዲያ ይመልስና የሀብት ደረጃው ትርጉም ያጣል። ስምምነቱም እዚሁ ላይ ይበላሻል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ተማሪ የወላጅ ፈቃድና የራሱ እሺታ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ቅጹ ዛሬ ተሰጥቶ ነገ ይመለስ ሲባል ግን ወላጁ ሩቅ ያለ ልጅ ወይ ከጥናቱ ይቀራል፣ ወይ የክፍል ጓደኛው በአባቱ ስም ይፈርምለታል። ቅጹ ዓርብ ተሰጥቶ ሰኞ ይሰብሰብ፤ ማንበብ ለማይችል ወላጅ ምስክር ባለበት የጣት አሻራ ቦታ ይኑረው።

በርዕሱ ላይ «የባሕር ዳር ከተማ አፍላ ወጣቶች» ብሎ መጻፍ

በትምህርት ቤት የተገኘው ተማሪ ነው። ሊስትሮው፣ ሎተሪ አዟሪው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ በየአድባራቱና በጣና ገዳማት ዙሪያ ያለው የቆሎ ተማሪ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተከሰተው ግጭት ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ፣ ሁሉም አፍላ ወጣት ናቸው፤ የጤና ችግራቸውም ብዙ ጊዜ የከፋ ነው። ሊደረስባቸው ካልተቻለ ርዕሱ «ተማሪዎች» ይበል።

አስተምሮ ወዲያው መፈተን

የጤና ትምህርት ውጤት የሚለኩ ጥናቶች ጠዋት ስለ ወር አበባ ንጽሕና ወይም በውኃ ውስጥ ስለሚይዘው ቢልሃርዚያ አስተምረው ከሰዓት በኋላ ይፈትናሉ፤ ከዚያም «ትምህርቱ ውጤታማ ነው» ይላሉ። የተለካው የዚያን ዕለት ትውስታ ነው፤ ልጁ ከወር በኋላ ጣና ውስጥ መዋኘቱን ቀንሶ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ማነጻጸሪያ ቡድኑን ከዚያው ትምህርት ቤት መውሰድም አይጠቅምም፤ የዘጠነኛ «ሀ» የተማረውን ዘጠነኛ «ለ» በእረፍት ሰዓት ይሰማዋል። ዕውቀትን በአማካዩ ከፍሎ «ጥሩ» እና «ደካማ» ማለትም ክፍሉ ምንም ያህል ቢያውቅ ግማሽ ገደማውን ምንጊዜም ደካማ ያደርጋል።

ውጤቱን ለትምህርት ቤቱ አለመመለስ

አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለርዕሰ መምህሩና ትምህርት ቤቱን ለምትከታተለው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መስጠት በቂ ነው። ከግንቦት በፊት ይድረስ፤ ከዚያ በኋላ ግቢው በሙሉ የሚያስበው ስለ ፈተና ብቻ ነው።