በወርሃዊው ዝክር ነዳያንን እንዴት እናስተናግድ?

በየወሩ በ12 ቅዱስ ሚካኤልን ወይም በ21 እመቤታችንን የሚዘክር ቤተሰብ ድግሱን በጓዳው ከሚጨርስ ከፊሉን ወደ ደጀ ሰላም ቢያወጣ መልካም ነው። አስቀድማችሁ ቦታና ሰዓት እንዲያመቻቹላችሁ የአጥቢያውን ሰበካ ጉባኤ አነጋግሩ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ካሉት 50 ቀናት ውጭ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ፣ ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ሠርታችሁ ከቅዳሴ በኋላ አቅርቡ።

ከምግቡ ይልቅ አቀራረቡ ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነዳያኑን ፀሐይ ላይ ከማሰለፍ ጥላ ሥር አስቀምጡና እንደ ማንኛውም እንግዳ እጃቸውን አስታጥቡ። ጥርስ ለሌላቸው አረጋውያን እንጀራውን በወጥ ፈትፍታችሁ አቅርቡ፤ ለዓይነ ስውራን ደግሞ ወጡ በየት በኩል እንዳለ ንገሯቸው። ፎቶ ማንሳት፣ በእኔ እምነት፣ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል። በአንድ ዝክራችን አንዲት እናት ግማሽ እንጀራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲቋጥሩ አይቼ ለምን እንደማይበሉ ብጠይቃቸው «ለልጅ ልጄ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ለቤት የሚወሰድ እንጀራ ለይተን እንይዛለን፤ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ማታ ቧንቧ ከፍታችሁ ስትታጠቡ፣ ብርድ ልብሱን ገልጣችሁ ስትተኙ፣ ቀን ያስተናገዳችኋቸው ሰዎች የት እንደሚያድሩ እያሰባችሁ እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ። ልጆችም ከራት በፊት በዕለቱ የተጠቀሙበትን አንድ ነገር ጠቅሰው «ተመስገን» እንዲሉ አስለምዷቸው፤ በሚቀጥለው ወር ከልብሳቸው መርጠው ይዘው እንዲሄዱም ፍቀዱላቸው።