የማድቤት ጭስና የባህር ስር ሸንተረር፦ በካርቶን እንዴት እንደሚሞከር

ቱሉ ዲምቱ በተከራየሁበት ግቢ ማድቤቱ የቆርቆሮ ነው። እሳቱ ጥግ ላይ ይነዳል። ጭሱ ግን እዚያው ጥግ አይወጣም። ክዳኑን ሲነካ በቆርቆሮው ስር ሽቅብ እየተሳበ አናቱ ላይ ባለው ክፍተት ይሾልካል። ከምድር ጥልቅ የሚነሳው ትኩስ ዓምድ፣ ፕሉም የሚሉት፣ ከመሃል ውቅያኖስ ሸንተረር ጋር፣ የባህሩ ወለል ለሁለት ከሚከፈትበት የተራራ ሰንሰለት ጋር፣ የሚገናኘው እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ ሁለት ካርቶን እንደ ቤት ክዳን አጋጥሙ። አናቱ ላይ ጣት የሚያህል ክፍተት ተዉ። ካርቶኖቹ ፕሌቶች፣ የምድር ጠጣር ሽፋን ግዙፍ ቁራጮች፣ ናቸው፤ ክፍተቱ የሚለያዩበት ሸንተረር። ተዳፋቱ ዋናው ነገር ነው። ፕሌት ሸንተረሩ ላይ ሲወለድ ትኩስና ስስ ነው። እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ከሆዱ በኩል ይወፍራል። ስለዚህ ከስሩ የገባ ትኩስ ነገር ሽቅብ የሚያገኘው ወደ ሸንተረሩ ነው።

ነፋስ በሌለበት ቀጭን የዕጣን እንጨት ለኩሱ፤ ከካርቶኑ አርቁት። ከሰል ይቅርባችሁ። እኔ ሞክሬ አከራዬ «ልጄ፣ ቤቴን ልታነደው ነው?» ብለውኛል።

ዕጣኑን ከክፍተቱ ስር አድርጉት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የተረፈው በክፍተቱ ርዝመት ግራና ቀኝ ይሄዳል። ይሄ አይስላንድ ነው። የውቅያኖስ ወለል ቅርፊት በተለምዶ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ግን እስከ 40 ይደርሳል። ቅልጡ ድንጋይ ስለበዛ ሸንተረሩ ከባህር ወጥቶ አገር ሆነ።

አሁን ስንዝር ያህል ወደ ጎን ውሰዱት። ጭሱ ይዘገያል እንጂ ክፍተቱን አያጣውም። ጋላፓጎስ እንዲህ ነው፤ ሸንተረሩ በስተሰሜን 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ግን ድርሻው ይደርሰዋል። በጣም ካራቃችሁት ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሃዋይ በሉት።

አንድ ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ፤ ማንትል፣ ከምድር ቅርፊት ስር ያለው ወፍራም ክፍል፣ ጭስ አይደለም። ጠጣር ድንጋይ ነው፣ በዓመት በሴንቲ ሜትር እየተሳበ የሚፈስ። ሽቅብ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ከፊሉ ይቀልጣል።

በመጨረሻ በሦስት ካርቶን ሦስት ክፍተት አገናኙ፦ ቀይ ባህር፣ የኤደን ባህረ ሰላጤና የእኛ ስምጥ ሸለቆ። መገናኛቸው አፋር ነው። የእኛን ጠበብ አድርጉት፤ በዓመት የሚከፈተው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ከግቢያችን በር ላይ የሚታየው የረር ተራራም በዚሁ ክፍተት ዳር የበቀለ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው።