ስታትስቲክስን ለንግድ ውሳኔ ሲማሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቀመር መጀመር። ብዙ ሰው ትምህርቱን የሚጀምረው ቀመር በመሸምደድ ወይም ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በመጫን ነው። ቆይቶ የሽያጭ ክፍሉ «ቅናሹን እንቀጥል ወይስ እናቁም?» ብሎ ሲጠይቀው መነሻው ይጠፋዋል። ዳታውን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገር ጽፈው ያስቀምጡ፦ የሚወሰነው ምንድን ነው? በምን ይለካል? ቁጥሩ ስንት ቢሆን ሐሳባችንን እንቀይራለን? ለሦስተኛው መልስ ከሌለ ትንተናው ቢቀርም አይጎዳም።

አማካይን ብቻ ማየት። ከ10 ትዕዛዞች 9ኙ በ2 ቀን፣ አንዱ በ42 ቀን ቢደርሱ አማካዩ 6 ቀን ይሆናል። በ6 ቀን ዕቃው የደረሰው ደንበኛ ግን አንድም የለም። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መሐል ላይ የሚውለውን፣ ማለትም ሚዲያኑን ይዩ፤ እዚህ 2 ቀን ነው። አማካይ አይረባም ማለት አይደለም፤ ጠቅላላ ወጪ ሲሰላ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

ድምሩን አይቶ መፍረድ። ከሁሉም አሳሳቹ ይህ ይመስለናል፤ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርዱ ይሳሳታልና። ሁለት የሽያጭ ገጾችን እያንዳንዳቸውን 500 ሰው አየ እንበል። በገጽ «ሀ» 70 ሰው ገዛ፣ በገጽ «ለ» 120። ገጽ «ለ» ያሸነፈ ይመስላል። ደንበኞቹን ስንለያቸው ግን፦

- ነባር ደንበኞች፦ «ሀ»ን ካዩት 100 ውስጥ 30 ገዙ (30 በመቶ)፤ «ለ»ን ካዩት 400 ውስጥ 112 (28 በመቶ)።
- አዲስ ደንበኞች፦ «ሀ»ን ካዩት 400 ውስጥ 40 ገዙ (10 በመቶ)፤ «ለ»ን ካዩት 100 ውስጥ 8 (8 በመቶ)።

በሁለቱም ወገን የበለጠው «ሀ» ነው። የ«ለ»ን ድምር ከፍ ያደረገው ገጹን ያዩት አብዛኞቹ ቀድሞም መግዛት የሚቀናቸው ነባር ደንበኞች መሆናቸው ነው። ይህ የሲምፕሰን ፓራዶክስ ይባላል። መከላከያው ማን የትኛውን ገጽ እንደሚያይ በዕጣ መመደብ ነው። ጊዜው ካለፈና ዳታው አስቀድሞ ከተሰበሰበ፣ ቢያንስ በደንበኛ ዓይነት ከፋፍለው ያወዳድሩ።

በጥቂት ናሙና መቸኮል። የግዢ መጠኑ ከ5 ወደ 6 በመቶ ማደጉን በተለመደው መስፈርት (ልዩነት ሳይኖር «አለ» ብሎ የመሳሳት ዕድል 5 በመቶ፣ ልዩነቱ ካለ የማግኘት ዕድል 80 በመቶ) ለመለየት ለእያንዳንዱ ቡድን ወደ 8 ሺህ ሰው ያስፈልጋል። በ300 ሰው የታየ ልዩነት የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የናሙናውን መጠን አስቀድመው ይወስኑና እስኪሞላ ይጠብቁ። ውጤቱን በየቀኑ እያዩ ደስ ባለዎት ቀን ማቆም 5 በመቶ ያሉትን የስህተት ዕድል ከዚያ በላይ ያሳድገዋል።

ፒ-ቫልዩን መተርጎም አለማወቅ። ፒ-ቫልዩ 0.03 ሲወጣ «ሐሳባችን 97 በመቶ ልክ ነው» ይባላል። አይደለም። ትርጉሙ፦ በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት የማየት ዕድላችን 3 በመቶ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውንም አይነግርም፤ ናሙናው ሚሊዮን ከሆነ ጥቅም የሌለው ጥቃቅን ልዩነትም ዝቅተኛ ፒ-ቫልዩ ይሰጣል። ስለዚህ በሪፖርትዎ የልዩነቱን መጠን ከነግምት ክልሉ (እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል ተብሎ ከሚገመተው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቁጥር ጋር) ያስቀምጡ። አንዳቸው ከሌላው ነጻ የሆኑ 20 መለኪያዎችን ቢፈትሹ ደግሞ፣ ምንም እውነተኛ ለውጥ ሳይኖር ቢያንስ የአንዱ ፒ-ቫልዩ ከተለመደው ገደብ ከ0.05 በታች የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው።

ዝቅተኛውን መርጦ መሻሻሉን ማድነቅ። ባለፈው ወር ሽያጫቸው ያነሰ ሠራተኞች ሠልጥነው በዚህ ወር ከተሻሻሉ ሥልጠናው ይመሰገናል። ይሁን እንጂ መጥፎ ወር በከፊል የመጥፎ ዕድል ውጤት ስለሆነ፣ ምንም ባይደረግላቸውም ብዙዎቹ ወደ አማካያቸው ይጠጋሉ። ዝቅተኞቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን ብቻ ያሠልጥኑ፤ የሥልጠናው ውጤት በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ነው።