ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች የዕለት ተዕለት ክህሎት ስንመዝን የምንሠራቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ወላጅን «ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምዘናው የሚፈልገው ልጁ ማንም ሳያስታውሰውና ሳያግዘው ዘወትር የሚያደርገውን ነው። እናቱ «ጥርሱን ይቦርሻል» ስትል አልዋሸችም፤ ሆኖም የጥርስ ሳሙናውን በብሩሹ ላይ የምታደርግለት፣ «አሁን ደግሞ የላይኛውን» እያለች የምትመራው፣ ተጉመጥምጦ እንዲተፋ የምትነግረው እሷ ከሆነች፣ ልጁ በራሱ የሠራው ብሩሹን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። እገዛው ለዓመታት ስለተለመደ ለእሷም አይታያትም። ስለዚህ «ትናንት ማታ ሲቦርሽ እርስዎ የት ነበሩ? ዝም ቢሉትስ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ እውነተኛውን መልስ ያመጣል።

ሁለተኛው፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነና በአእምሮ ችሎታ ፈተና ጥሩ ውጤት ያገኘ ልጅ ራሱን በመቻልም እኩዮቹን ያህላል ብሎ መገመት ነው። በኦቲዝም በሁለቱ መካከል ሰፊ ክፍተት መኖሩ የተለመደ ነው፤ ስለ ፕላኔቶች ያለ ማቋረጥ የሚያስረዳ ልጅ የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፍለት ሰው ሊፈልግ ይችላል። በግምት የታለፈ ልጅ የሚገባውን ድጋፍ ያጣል፤ ይህ ደግሞ በቀላሉ የሚታይ በደል አይደለም።

አጠቃላዩን ውጤት ብቻ አንብቦ መዝጋትም ያሳስታል። ቫይንላንድን (ወላጅን ወይም መምህርን በመጠየቅ የዕለት ተዕለት ክህሎትን የሚመዝን መለኪያ) በመሰሉ መለኪያዎች የእኩዮች አማካይ ውጤት 100 ሲሆን፣ በተግባቦት 88፣ በማኅበራዊ ግንኙነት ግን 60 ያገኘን ልጅ አንድ ድምር ቁጥር አይገልጸውም። የመምህሩና የወላጁ መልስ ሲለያይም አንዱን ሐሰተኛ አድርጎ መጣል አይገባም፤ ልጁ በአንዱ ቦታ የተማረውን በሌላው ላይጠቀምበት ይችላል።

ወላጆችን ያለ አግባብ የሚያስደነግጠው የመጨረሻው ስህተት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በተደገመ ምዘና ደረጃውን የጠበቀው ውጤት፣ ማለትም ከእኩዮቹ አማካይ አንጻር የተሰላው ቁጥር፣ ከ75 ወደ 68 ሲወርድ «ልጁ ወደ ኋላ ተመልሷል» ማለት ነው። ይህ ቁጥር ልጁን ከእኩዮቹ ጋር ያነጻጽራል እንጂ ከትናንት ራሱ ጋር አያነጻጽርም፤ በመሆኑም አዳዲስ ክህሎቶችን እየተማረም፣ እኩዮቹ ከፈጠኑ ሊቀንስ ይችላል። ለወላጆች ከመናገር በፊት የሁለቱን ጊዜ ጥሬ ነጥቦች (ከእኩዮቹ ጋር ሳይነጻጸሩ ልጁ ራሱ ያገኛቸውን) ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ቀድሞ የማያደርገውን ምን እንደጀመረ በስም መዘርዘር ያስፈልጋል። ጥሬ ነጥቡም ቀንሶ ከተገኘና ልጁ በእርግጥ ያደርገው የነበረውን ከተወ፣ ቀጣዩ ምዘና እስኪደርስ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መላክ አለበት።