አሮጌ ፒክአፕ ዝቅ ለማድረግ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

ሰበታ፣ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ አካባቢ የሚኖር ሰው ፒክአፑን ዝቅ ለማድረግ ካሰበ ከሁሉ በፊት መንገዱን ይለካ። ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ሰፈር የሚያስገባው ኮረኮንች፣ ነዋሪው በራሱ የሠራው ጉብታ፣ የግቢው መግቢያ፤ ሁሉም በሜትር ይለኩ። መኪናው ሲወርድ የዲፈረንሻሉ (በኋላ ጎማዎች መሐል ያለው የጥርስ ሳጥን) ከፍታ አይቀየርም፤ እሱን የሚወስነው የጎማው መጠን ነው። ወደ መሬት የሚጠጋው ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም)፣ ማርሚታውና የሞተሩ ዘይት መያዣ ነው። ለእንዲህ ዓይነት መንገድ ከኋላ 5፣ ከፊት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ባይ ነኝ። ፒክአፕ ባዶውን ሲቆም ኋላው ከፍ ስለሚል ልዩነቱ ራሱ ያስተካክለዋል።

ቀጥሎ መኪናው ሥር ገብተው የኋላውን ባሌስትራ፣ በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራውን ሞላ፣ ይመልከቱ። ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ባሌስትራው ከአክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ከሚያገናኘው ወፍራም ብረት) በታች ካለፈ ሥራው ቀላል ነው፤ በሁለቱ መሐል ብሎክ የሚባለው ወፍራም ብረት ሲገባ ባሌስትራው ወደ ታች ይገፋል፣ ሻንሲውም አብሮት ይወርዳል። ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ከተቀመጠ ግን ያው ብሎክ መኪናውን ከፍ ያደርገዋል! በሁለት ጎማ የሚነዱት አሮጌ ሃይሉክሶች የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፤ ፎርዊሎቹ ሁለተኛው። ለሁለተኛው ዓይነት ባሌስትራውን አውጥቶ ባለሙያ ጋ ጉብጠቱን ማስቀነስ ይሻላል። አክስሉን ከላይ ወደሚቀመጥበት ማዞር የሚሉ አሉ፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያወርድ ስለሚችል ለእኛ ሰፈር አይሆንም።

ብሎክ ሲገዙ አንድ ወጥ ብረት ይምረጡ፤ ሁለት ደርቦ ማሰር አደገኛ ነው። የባሌስትራው የመሐል ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ በልኩ መሆኑንም ያረጋግጡ። ባሌስትራውንና አክስሉን አቅፎ የሚይዘው የዩ ቅርጽ ያለው ቡሎንም በብሎኩ ውፍረት ልክ ረዘም ያለ መሆን አለበት። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የድሮውን ቡሎን ይዘው ይሂዱ፤ በቃል ማስረዳት ያደክማል። ከባሌስትራው አንድ ቅጠል ማውጣት ርካሽ ነው፤ ሲሚንቶ ለሚጭን መኪና ግን አልመክረውም።

ከፊት በኩል በሁለት ጎማ የሚነዱት የ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሃይሉክስና ዳትሰን 720 ቶርሽን ባር አላቸው፤ እየተጠማዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ረጅም ብረት። እዚህ የሚገዛ ዕቃ ላይኖር ይችላል። የማስተካከያውን ቡሎን የአሁን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ፣ መኪናውን በክሪክ አንስተው አጥብቀው ይደግፉ፣ ከዚያ ሁለቱን ጎን እኩል ያላሉ። ካወረዱት በኋላ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ነድተው ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጫፍ ይለኩ፤ ሳይነዱ የተለካ ያሳስታል። የጎማ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው። የፊት ሞላው ጥቅል ከሆነ በእሳት አይቆረጥ፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል። ለዚያ መኪና የተሠራ አጠር ያለ ሞላ ይፈለግ።

የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር መርሳት የተለመደ ነው። መኪናው ዝቅ ሲል የድሮው ተጨምቆ ስለሚቆም ጉድጓድ ላይ እስከ መጨረሻው ገብቶ ይሰበራል። ተጣጥፎ ሲዘጋ ያለው ርዝመት ከድሮው ያጠረ ይምረጡ። ያረጁ ጎሚኒዎችም (የመገጣጠሚያ ጎማዎች) አብረው ይቀየሩ።

በብዙ ሃይሉክሶች ከኋላ ሻንሲው ላይ ተገጥሞ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የሚያያዝ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛና ሻንሲው ሲወርድ ለኋላ ጎማ ብዙ የፍሬን ግፊት ይለቃል። መኪናው ዝቅ ከተደረገ ቫልቩ ባዶውን መኪና እንደተጫነ ይቆጥረዋል፤ ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው ሊሾር ይችላል። የዘንጉ ማያያዣ በወረደው ልክ መስተካከሉን መካኒኩን በግልጽ ይጠይቁት።

የባሌስትራው ቡሎኖች ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ስለሚላሉ ዳዶዎቹ እንደገና ይጥበቁ።