የድስት ጠርዝ አራት ቦታ ጆሮ ካወጣ ሞልዱን ሳትነኩ መጀመሪያ ላሜራውን እዩ

ደብረ ብርሃን ላይ የአልሙኒየም ድስትና የምጣድ ክዳን በፕሬስ የምትሰሩ ልጆች እየደወላችሁ የምትሉኝ አንድ ነገር ነው፣ "ሞልዱ ተበላሽቷል፣ ጠርዙ አራት ቦታ ከፍ አራት ቦታ ዝቅ ይላል"። ሴንተር መያዙን (ገፊውና ሞልዱ መሃል ለመሃል መግጠማቸውን)፣ ቅባቱን፣ ላሜራውን ጠርዙ ላይ ተጭኖ የሚይዘውን የመያዣ ቀለበት ጭነት እንዳያችሁ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

ምልክቱ፦ በእኩል ርቀት አራት ጆሮ። ጆሮ የምለው የድስቱን መያዣ ሳይሆን ጠርዙ ከፍ ያለበትን ቦታ ነው።

ምክንያቱ፦ በአብዛኛው ላሜራው ራሱ ነው። ፋብሪካ ላይ በሮለር ሲዳመጥ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች መሳሳት ብቻ አይደለም፣ እየዞሩ አንድ አሰላለፍ ይይዛሉ። የአልሙኒየም ክሪስታል ደግሞ የሚንሸራተተው በተወሰኑ ገጾቹ ብቻ ስለሆነ ላሜራው በየአቅጣጫው እኩል አይለጠጥም። የመንዝ ባና በክሩ ስትስቡት እምቢ ብሎ በሰያፍ ስትስቡት እንደሚሰጠው ማለት ነው። ሳይሞቅ የተዳመጠ ጠንካራ ላሜራ ጆሮው ከዳመጣው አቅጣጫ 45 ዲግሪ ላይ ይወጣል፣ ከዳመጣ በኋላ በሙቀት የለሰለሰ ከሆነ ግን ክሪስታሎቹ እንደ አዲስ በቅለው ሌላ አሰላለፍ ስለሚይዙ ጆሮው 0 እና 90 ላይ ይሆናል። ጥሩ ፋብሪካ ሁለቱን አመጣጥኖ ጆሮውን ያሳንሰዋል።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ላሜራው ላይ የዳመጣው ጭረት በዓይን ይታያል፣ ድስት የሚሆነውን ክብ ከመቁረጣችሁ በፊት በማርከር ቀስት አድርጉበት። አንዱን ክብ ጎትቱ (በፕሬስ ሞልዱ ውስጥ ገፍታችሁ ድስት አድርጉት)፣ ሁለተኛውን 45 ዲግሪ አዙራችሁ ጎትቱ። ጆሮው ከቀስቱ ጋር ከዞረ ላሜራው ነው፣ ከሞልዱ ጋር ከቀረ ሞልዱ ወይም ቀለበቱ ነው። ይሄን ሳታደርጉ ቶርኖ ቤት እንዳትሄዱ!! አንድ ደንበኛ ሞልዱን 130 ኪሎሜትር ጭኖ አዲስ አበባ አስቶርኖ መጣ፣ ጆሮው እዛው ነው፣ ክቡን ስናዞረው ጆሮውም አብሮ ዞረ። ሞልዱ ምንም አልነበረበትም፣ አሁን ግን ክፍተቱ ስለሰፋ ድስቱ ጎኑ ላይ መጨማደድ ጀመረ። ሌላ ቤት ደግሞ ጠዋት የተሰራው ጆሮ 45 ላይ ከሰዓት የተሰራው 90 ላይ እየወጣ ግራ ገብቷቸው ነበር፣ ለካ ነጋዴው ጠንካራውን ኤች 14 እና ለስላሳውን ኦ (የላሜራ ጥንካሬ ደረጃ ስሞች ናቸው) አንድ ላይ ደርድሮ ሸጦላቸዋል። የፋብሪካውን ወረቀት ገንጥሎ ጥሎ "ሁሉም ያው አልሙኒየም ነው" የሚል ሻጭ በጣም ያናድደኛል፣ ያው አይደለም!

መፍትሄ፦ ሲገዙ ለጥልቅ ጉተታ የሚሆን ኦ ጠይቁ፣ ወረቀቱን ሳታዩ አትክፈሉ። አዲስ ጥቅል በመጣ ቁጥር ትንሽ ኩባያ ጎትታችሁ ከአራቱ ጆሮ አማካይ ቁመት የአራቱን ዝቅታ አማካይ ቁመት ቀንሱ፣ በዝቅታው አማካይ አካፍሉ፣ በ100 አባዙና ጥቅሉ ላይ ጻፉት። ጆሮ ጨርሶ አይጠፋም፣ ስለዚህ የክቡን ስፋት ዝቅተኛው ቦታ ለድስቱ ቁመት እንዲበቃ አድርጋችሁ ያዙ፣ ትርፉን ቁረጡት።

"በከሰል አሙቀን እናስተካክለው" የምትሉ ተዉት። ጠንካራውን ብታለሰልሱት ጆሮው ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ንጹህ አልሙኒየም 345 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፣ 660 ላይ ይቀልጣል፣ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቃችሁም። ከመጠን በላይ የሞቀው ደግሞ ክሪስታሉ ይተልቅና ሲጎተት ላዩ ሻካራ፣ ጉብጉብ ያለ ይሆናል፣ ፖሊሽ ብታደርጉት ብዙ ትደክማላችሁ።

አሸንዳ ሲታጠፍ መስመሩን ይዞ የሚሰነጠቅ ከሆነ እጥፋቱ ከዳመጣው ጭረት ጋር ትይዩ ሆኗል፣ ጭረቱን አቋርጣችሁ እጠፉ፣ ከኤች 14 የባሰ ጠንካራው ኤች 18 ከሆነ ደግሞ የእጥፋቱን ክብ አስፉት።

ጆሮው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ሴንተር ነው፣ ዳመጣውን አትውቀሱ።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ቂጡ የሚቀደድ ከሆነ በደብረ ብርሃን ብርድ የሞራ ቅባታችሁ ረግቷል፣ አሙቁት።